አምስት መስመር ብቻ፦ አካባቢን እያጠኑ ማስታወሻ የመያዝ ቀላል ዘዴ

በዚህች ጽሑፍ ልናብራራ የተነሣነው ሲያዩት ቀላል የሚመስል፣ ሲሞክሩት ግን ብዙዎቻችንን ያስቸገረ ጉዳይ ነው። ይኸውም ስለ አካባቢ ጥበቃ በምንማርበት ጊዜ ያየነውን ነገር እንዴት አድርገን በደብተር ብንይዘው ሳይሰለቸን ልንቀጥል እንችላለን? የሚለው ነው።

ጉዳዩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው በጋ በመካከላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ወደ ገበያ ስንወርድ በአጠገቧ የምናልፍባት አንዲት ትንሽ ምንጭ አለች። ለቡድን ሥራ «የውሃ እጥረት በአካባቢያችን» የሚል ርእስ ተሰጠንና ስድስት ሆነን ተቀመጥን። አንደኛው «ምንጯ የደረቀችው ከገና በፊት ነው» አለ። ሁለተኛዋ «የለም፣ ጥር ካለቀ በኋላ ነው» አለች። ሦስተኛው ደግሞ «እንዴ! መቼ ደረቀችና?» ብሎ አረፈው። ስድስታችንም በየሳምንቱ በዚያ እናልፋለን። ስድስታችንም አይተናል። ግን አንዳችንም አልጻፍንም።

በመጨረሻ ከዚያች ምንጭ ውሃ ይቀዱ የነበሩ አንዲት እናት ዘንድ ሄደን ጠየቅን። በኦሮምኛ የመለሱልንን ወደ አማርኛ ስንመልሰው እንዲህ ነው፦ «ልጆቼ፣ የጥምቀት ሰሞን ነው የቆመችው። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከላይኛው እቀዳለሁ። እናንተ እስክሪብቶ ይዛችሁ ረሳችሁት፣ እኔ ጀሪካን ተሸክሜ አልረሳሁትም።» ሁላችንም አፈርን። ነገ ተመርቀን በየገጠሩ «የአካባቢ ሳይንስ አስተማሪ» ተብለን የምንላክ ሰዎች፣ ደጃፋችን ያለው ምንጭ መቼ እንደ ደረቀ አናውቅም ማለት ነው። እንግዲህ ደብተር መያዝ የጀመርነው ከዚያ ኀፍረት ነው።

ሀ) ለመሆኑ መጻፍ ለምን አስፈለገ?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ገበሬው ሳይጽፍ ያውቅ የለም እንዴ?» ይሉናል። እውነት ነው፣ ያውቃል። አደይ አበባ ስትፈነዳ ክረምቱ ማለቁን፣ የመስቀል ወፍ ላባዋን ቀይራ ስትታይ ወሩ መስከረም መሆኑን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ተፈጥሮ ራሷ የቀን መቁጠሪያ ናት። ችግሩ ግን አባቶቻችን እንዳሉት ነው፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ሰው በአእምሮው የያዘው እውቀት ከሌላ ዓመት ጋር ሊነጻጸር አይችልም። «ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ» ማለት ቀላል ነው። በስንት ቀን ዘገየ? ከየትኛው ዓመት? ሲባል ግን መልስ የለም።

በዓለም ላይ ይህን የተገነዘቡ ሰዎች ምን እንዳተረፉ ጥቂት ምሳሌ እንጥቀስ። በጃፓን አገር ኪዮቶ በተባለችው ከተማ የቼሪ ዛፍ የሚያብብበትን ቀን ከዘጠነኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥትና በገዳማት ያሉ ሰዎች ጽፈው አቆይተዋል። የጻፉት ለሳይንስ ብለው አልነበረም፤ የአበባው በዓል መቼ እንደ ሆነ ለማስታወስ ነው። ዛሬ ግን የአየር ንብረት አጥኚዎች ያንን መዝገብ አገላብጠው ዛፉ ከድሮው ይልቅ ቀድሞ እንደሚያብብ ለማረጋገጥ በቅተዋል።

በአሜሪካ ደግሞ ጆሴፍ ግሪኔል የተባለ የእንስሳት ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ተራሮች እየተዘዋወረ፣ ያየውን ሁሉ በዚያው ቀን በጥብቅ ሥርዓት ይጽፍ ነበር። ተማሪዎቹንም እንዲሁ አስገደዳቸው። አንድ መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል ሌሎች ተመራማሪዎች የእርሱን ደብተር ይዘው ወደ እነዚያው ስፍራዎች ተመለሱ። ከትናንሽ አጥቢ እንስሳት ብዙዎቹ ሙቀቱን ሸሽተው ወደ ተራራው ከፍታ መውጣታቸውን አዩ። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? እኛ በጭላሎ ተራራ ሥር ለምንኖረው ይህ ነገር ሊያሳስበን ይገባል፤ ምክንያቱም ወደ ላይ የሚሸሽ እንስሳ አንድ ቀን ተራራው ያልቅበታል።

ከአገራችን ደግሞ የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ፣ ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉትን የውሃ ቀንድ አውጣዎች እያጠኑ ሳለ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ፤ ከበላዩ ግን አልነበሩም። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጻ አገሩ ሁሉ ያውቃል። «ከላይና ከታች ልዩነቱ ለምን ሆነ?» ብሎ መጠየቁ ግን ነገሩን ወደ ሳይንስ አሻገረው። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በእንዶድ አረፋ ውስጥ ከተው ሲያዩ ሞቱ። በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ልብ በሉ! መነሻው የወንዝ ዳር ትዝብት ነው። ለዚህ ዓይንና ጥያቄ በቂ ነው፤ ላቦራቶሪው በኋላ ነው የመጣው።

ለ) የሞከርናቸውና ያልሆኑልን ዘዴዎች

ጓደኞቻችን እኛ የወደቅንበት ጉድጓድ ውስጥ እንዳትወድቁ ስሕተታችንን ሳንደብቅ እንናገራለን።

መጀመሪያ የጀመርነው ረጅም ድርሰት ነው። በየቀኑ ማታ አንድ ገጽ ለመጻፍ ተማማልን። የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ፈተና ደረሰ፣ ድካም መጣ፣ ሦስት ቀን ዘለልን። ከዚያ «የዘለልነውን በኋላ እንሞላዋለን» አልን። አልሞላነውም። ያልነውንም ቢሆን መልሰን ስናነበው እንዲህ የሚል ሆኖ አገኘነው፦ «ዛሬ ወደ ጫካው ወጣን። አየሩ ደስ ይል ነበር። ብዙ ዛፎች አየን፣ ወፎችም ይዘምሩ ነበር። ተፈጥሮ ምንኛ ውብ ናት!» ስንት ዛፍ? ምን ዓይነት ወፍ? የት? ምንም የለም። ጽሑፉ ስለ ስሜታችን እንጂ ስለ አካባቢው የሚናገረው አልነበረም።

ሁለተኛው ሰንጠረዥ ነው። ከመካከላችን አንዱ ሒሳብ የሚወድ ጓደኛችን አሥራ አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አሰመረ። የሙቀት መጠን፣ የነፋስ አቅጣጫ፣ የአፈር ዓይነት፣ ምኑ ቅጡ! ሙቀት የምንለካበት ቴርሞሜትር የለንም። ስለዚህ ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ ባዶ እየቀረ ሄደ። ባዶ ሣጥን ደግሞ ሰውን ያሳፍራል፤ የሚያፍር ሰው ደግሞ ደብተሩን ይደብቃል።

ሦስተኛው የእጅ ስልክ ነው። «ፎቶ ማንሣት እያለ ምን መጻፍ አስፈለገ?» ተባለ። አነሣን፣ አነሣን። ስልኩ ወድቆ ተሰበረና ፎቶው ሁሉ አብሮ ሄደ። የቀሩትንም ስናያቸው የትኛው ቦታ እንደ ሆነ፣ ለምን እንዳነሣነው ረስተነዋል። ፎቶ ጥሩ ረዳት ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ዲዳ ነው።

ሐ) አምስቱ መስመር

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያገኘነው ዘዴ እጅግ ቀላል ነው። አንድ ርካሽ ደብተር፣ አንድ እርሳስ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አምስት መስመር ብቻ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። መስመሮቹም የሚከተሉት ናቸው፦

1ኛ. መቼና የት፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ትክክለኛው ቦታ።
2ኛ. ሰማዩ፦ ዝናብ፣ ደመና፣ ነፋስ፣ ውርጭ፣ ጭጋግ።
3ኛ. ያየነው፦ በቁጥር ወይም በልክ፤ «ብዙ» እና «ጥቂት» የሚባሉ ቃላት የተከለከሉ ናቸው።
4ኛ. ለውጡ፦ ካለፈው ጊዜ ምን ተጨመረ? ምን ጎደለ? ምንም ካልተለወጠ «አልተለወጠም» ተብሎ ይጻፋል።
5ኛ. ጥያቄ፦ አንድ ብቻ።

ከደብተራችን አንዱን ቀድተን እናሳያችሁ፦

«ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፤ ከምንጯ በላይ፣ ትልቁ ወይራ ሥር።
ጠራ ያለ ሰማይ፤ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ፤ ነፋስ የለም።
ከምንጯ አንድ ጀሪካን ለመሙላት 4 ደቂቃ ፈጀ። አምስት ከብቶች በአፏ ላይ ቆመዋል።
ባለፈው ሳምንት 3 ደቂቃ ነበር።
ከብቶቹ በሌላ በኩል ቢጠጡ ውሃው ይጠራ ይሆን?»

ይኸው ነው። ጌጥ የለውም። ግን ይህን የመሰለ አሥር ገጽ ያለው ሰው፣ ምንጯ መቼ እንደ ደከመች በቀን ቆጥሮ ይናገራል፤ ክርክር የለም።

አምስተኛው መስመር፣ ማለትም ጥያቄው፣ ለብዙዎች ትርፍ ነገር ይመስላቸዋል። እኛ ግን ዋናው እርሱ ነው እንላለን። ጥያቄ የጻፈ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሲሄድ የሚፈልገው ነገር ስላለው እግሩ አይከብደውም።

ከአምስቱ መስመር ጋር አራት ሕጎች አሉን። አንደኛ፣ ቦታው አይቀየርም። ሁሉን ቦታ ከማየት አንድን ቦታ ሁልጊዜ ማየት ይበልጣል። ሁለተኛ፣ እዚያው ቆሞ ይጻፋል እንጂ ማታ በአልጋ ላይ አይጻፍም። ሦስተኛ፣ የተሳሳተ ቢኖር በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ በላጲስ አይጠፋም፤ ስሕተቱም ትምህርት ነውና። አራተኛ፣ የእውቀቱ ምንጭ በአንድ ፊደል ይመለከታል። ያየነው ከሆነ «አ»፣ ከሰው የሰማነው ከሆነ «ሰ»፣ የገመትነው ከሆነ «ገ» ብለን በዳር እንጽፋለን። ያችኛዋ እናት የነገሩን «ሰ» ነው፤ ውርደት የለበትም። ግምትን እንዳዩት አድርጎ መጻፍ ግን ውሸት ነው።

አንድ ቀን ቢዘለልስ? በቃ ይዘለላል። ቀኑን ጽፎ «አልሄድንም» ማለት ነው። ያልታየውን በልብ ወለድ መሙላት ግን ክልክል ነው።

መ) ያለ መሣሪያ መለካት

«መሣሪያ የለንም» የሚለው ምክንያት በየገጠሩ ት/ቤት ስንሄድ የባሰ ይመጣብናል። ስለዚህ በእጃችን ባለ ነገር መለካት እንማር።

ዝናብ፦ ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጎ ሜዳ ላይ ማቆም። ሁልጊዜ ጠዋት በአንድ ሰዓት ውስጡ ያለውን ውሃ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር መለካትና መድፋት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ይህን ለተማሪ ስንነግረው ሒሳቡም ሳይንሱም አንድ ላይ ይገባዋል።

የአፈር መሸርሸር፦ ዝናብ እንደ ዘነበ ከጅረቱ ውሃ በሚያሳይ ጠርሙስ መቅዳት፣ እስከ ማግሥቱ ማስቀመጥና ከታች የዘቀጠውን ደለል በማስመሪያ መለካት። ሁለት አንድ ዓይነት ጠርሙስ ወስዶ አንዱን ከታረሰ ተዳፋት ሥር፣ አንዱን ሣርና ቁጥቋጦ ካለበት ሥር ከሚወርድ ውሃ መሙላት ነው። እኛ ስናደርገው የሁለቱን ጠርሙሶች ልዩነት ያየ ሰው ሌላ ገለጻ አላስፈለገውም።

ቦረቦር፦ ከቦረቦሩ ጫፍ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ርቆ ችካል መትከል፣ በየወሩ ከችካሉ እስከ ጫፉ በገመድ መለካት። ገመዱ ካጠረ ቦረቦሩ እየበላ መጥቷል ማለት ነው።

የዛፍ ቁመት፦ አንድ ሜትር እንጨት አቁሞ ጥላውን መለካት፣ በዚያው ሰዓት የዛፉንም ጥላ መለካት። የእንጨቱ ጥላ 50 ሳንቲ ሜትር፣ የዛፉ ጥላ 4 ሜትር ቢሆን፣ ዛፉ 8 ሜትር ነው።

የቀረውን በስንዝር፣ በክንድና በእርምጃ መለካት ይቻላል። የራስን ስንዝርና እርምጃ አስቀድሞ ለክቶ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መጻፍ ብቻ ነው።

ሠ) በአርሲ ምን ይጻፋል?

አንዳንዱ ሰው የአካባቢ ጥበቃ ሲባል ሩቅ አገር ያለ ጫካ ይታየዋል። እኛ የተቀመጥንበት ስፍራ ግን ራሱ ትልቅ መማሪያ ነው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከበላያችን ያለው ጭላሎ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከበታቻችን ያለው የዝዋይ ሐይቅ ወደ 1,640 ሜትር ገደማ ነው። በእግር ልንደርስበት በምንችል ርቀት ውስጥ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ይገኛሉ ማለት ነው።

ወደ ላይ ስንወጣ ዕፅዋቱ በደረጃ ይለወጣል። ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ካሉበት እናልፍና ኮሶ ያለበት እንደርሳለን፤ ከዚያ አስታ ይመጣል፤ ከዚያም በላይ ጅብራ እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ የቆመበት ሜዳ አለ። በእነዚህ ተራሮች የደጋ አጋዘን ይኖራል። ይህ እንስሳ ሳይንስ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሆን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ቀይ ቀበሮም አለ፤ እርሱም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪዎች «ጀዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ ይሉታል፤ የምትወልድ ባዝራ ተከትሎ የእንግዴ ልጅ ስለሚበላ ነው ይባላል። ዋነኛ ምግቡ ግን አይጥ ነው። እነዚህን ለመጠበቅ የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቁሟል።

ደጋው የተለወጠበትንም ታሪክ ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት «ካዱ» የሚባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት እዚሁ አሰላ ላይ ተቋቋመ። የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ደረሰ፤ በአቅራቢያችን ያለው ቁሉምሳ የስንዴ ምርምር ጣቢያ ስሙ በአገር ታወቀ። አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ሆነች። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የምንበላው ዳቦ ከዚያ ነው። ሆኖም በዚያው ዘመን ትራክተር የገዙ ባለ መሬቶች ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ ማንሣታቸው፣ የግጦሽ መሬትም እየታረሰ መሄዱ አይካድም። ሰውና ከብት ሲበዛ፣ ሜዳው ሲያልቅ፣ እርሻው ወደ ተራራው ወጣ። ገበሬው ተዳፋቱን የሚያርሰው ጥበቃን ስለ ጠላ አይደለም፤ ልጆቹን ለማብላት ነው። ይህን ሳንረዳ «ዛፍ አትቁረጡ» እያልን ብንለፈልፍ ማንም አይሰማን።

ከተዳፋቱ የታጠበው አፈር ደግሞ ወዴት ይሄዳል? ከጭላሎ፣ ከገለማና ከካካ በምዕራብ በኩል የሚወርደው ውሃ በአብዛኛው ወደ ከታር ወንዝ ገብቶ ዝዋይ ሐይቅ ይደርሳል። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አቢያታ ይወርዳል። በምሥራቅና በደቡብ በኩል ያለው ደግሞ ለዋቤ ሸበሌ ነው። እንግዲህ በጠርሙሳችን ሥር የዘቀጠችው ደለል የሐይቁ ዓሣ አጥማጅ ጉዳይም ናት።

ስለ ስሞች አንድ ነገር እንጨምር። የዛፉን ስም በአማርኛ ብቻ አንጻፍ። አካባቢው የሚጠራበትን ስም ሽማግሌ ጠይቀን አጠገቡ እንጻፍ። ወይራ «ኤጀርሳ»፣ ዝግባ «ብርብርሳ»፣ ኮሶ «ሄቶ» ነው። ስሙን ያላወቅነውን ዛፍ ቅጠሉን በደብተሩ መካከል አድርቀን «ስሙ ይጠየቅ» ብለን ማስቀመጥ ነው። እረኛ ልጆችን መጠየቅ አያሳፍርም፤ እንዲያውም ከማናችንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ረ) ደብተሩ የነገረን መራራ እውነት

አሁን ወደ ራሳችን ጉድ እንምጣ። በሐምሌ ወር በግቢያችን አጠገብ ካለው ተዳፋት ላይ 40 ችግኝ ተክለን ነበር፤ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ። የዚያን ዕለት ዘፈንን፣ ፎቶ ተነሣን፣ «40 ችግኝ ተተክሏል» የሚል ሪፖርት ጻፍን። ተጨበጨበልን። ሪፖርቱ በዚያው አበቃ።

ደብተሩ ግን አላበቃም። መስከረም መጨረሻ ሦስተኛው መስመር ላይ «በሕይወት ያሉ 34» ተብሎ ተጻፈ። ኅዳር ላይ «21»። ጥር ላይ «9»። በዚህ ጊዜ ከመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን «ተዉት እባካችሁ፣ ይህ ቢታወቅ ስማችን ይጠፋል፤ ማን ሊቆጥር ይመጣል?» አለ። ሌላዋ ግን «ስማችንን ነው ወይስ ተዳፋቱን ለማዳን ነው የተከልነው?» ብላ ጠየቀች። ዝም ተባለ። በመጨረሻ 9 የሚለው ቁጥር እንዳለ እንዲቀር ተስማማን።

ከዚያ አምስተኛው መስመር ሥራውን ሠራ። «ከብት የማይደርስበት ስፍራ ያሉትስ ለምን ደረቁ?» የሚል ጥያቄ ተጽፎ ነበርና ከሞቱት ጥቂቶቹን ቆፍረን አወጣናቸው። ያየነውን ብንናገር ትስቁብናላችሁ፤ ሳቁብን። ችግኞቹ ካደጉበት ፕላስቲክ ጋር ነው የተቀበሩት! ሥሩ ወደ አፈሩ መውጫ አጥቶ በፕላስቲኩ ውስጥ ተጠምዝዞ ቀርቷል። ጥፋቱ የድርቅም የከብትም አልነበረም፤ የእኛው የራሳችን ነው። በዚያ ቀን እየዘፈንን ስንቸኩል ፕላስቲኩን ቀድደን ማውጣት ረሳን።

እንግዲህ አስቡት! ደብተሩ ባይኖር ምን እንል ነበር? «ዝናቡ አነሰ፣ ከብት በላው፣ ሕዝቡ ንቃት የለውም» እንል ነበር። ጥፋታችንን በሌላ ሰው ላይ እንደፍደፍ ነበር። በሚቀጥለውም ክረምት እንደገና 40 ችግኝ ከነፕላስቲኩ እንቀብር ነበር። ዘጠኝ የሚለውን ቁጥር በመጻፋችን ያጣነው ስም የለም፤ ያተረፍነው ግን የሚቀጥለውን ክረምት ነው። የቀሩትንም ዘጠኙን በእሾህ አጥረን፣ ተራ ገብተን እያጠጣናቸው ነው። ሰሞኑን ስንቆጥራቸው አሁንም ዘጠኝ ናቸው።

ሰ) ለክፍላችን እንዴት እናውለው?

ወደ ተመደብንበት ት/ቤት ስንሄድ ይህ ዘዴ ሊረዳን የሚችለው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ደብተር ግዛ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ለአንድ ክፍል አንድ ደብተር ይበቃል። ተማሪዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ በተራ ይይዙታል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አምስቱን መስመር ይሞላሉ። ሰኞ ጠዋት አንደኛው ቆሞ ያነባል፤ ክፍሉ በሙሉ ጥያቄውን ለመመለስ ይሞክራል። ገና መጻፍ ያልቻለ ልጅ ቅጠሉን ይሥላል። ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ይጻፍ፤ አጻጻፉን ለማረም ብለን ያየውን ነገር አናስረሳው።

መምህሩ ደግሞ ሦስት ነገር ብቻ ይቆጣጠር። ቁጥር አለው ወይ? ለውጥ ተጽፏል ወይ? ጥያቄ አለው ወይ? ከዚህ በላይ ቀይ እስክሪብቶ አያስፈልግም። ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩ አይጣል፤ በት/ቤቱ መደርደሪያ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ተጽፎበት ይቀመጥ። እኛ ወደ ሌላ ቦታ ብንዛወር የሚተካን መምህር ከዜሮ አይጀምርም። አሥር ዓመት የቆየ ደብተር ያለው የገጠር ት/ቤት፣ ስለ ራሱ ቀበሌ ከማንም የተሻለ ሊናገር የሚችል ት/ቤት ነው።

ለማጠቃለል ያህል፣ የአካባቢ ጥበቃ በአንድ ቀን የችግኝ ተከላና በመፈክር ብቻ የሚፈጸም ነገር አይደለም። ተመልሶ ማየትን፣ መቁጠርንና እውነቱን መጻፍን ይጠይቃል። ለዚህም አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና አምስት መስመር ይበቃል። ጓደኞቻችን፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ ቦታ ምረጡ፤ ዛፍ ይሁን፣ ቦረቦር ይሁን፣ የመንገድ ዳር ቦይ ይሁን። የመጀመሪያውን አምስት መስመር ጻፉ። ከወር በኋላ በዚሁ ጋዜጣ ላይ ያገኛችሁትን ብታካፍሉን ደስ ይለናል፤ የተሳሳትነው ካለም መምህራኖቻችን ያርሙን።

እኛም ወደ ምንጯ መሄዳችንን አላቆምንም። ያችኛዋ እናት ከላይኛው ምንጭ ሲመለሱ በመንገድ ያገኙንና «ዛሬስ ጻፋችሁ?» እያሉ ይጠይቁናል። «ጽፈናል እማማ» ስንላቸው ጀሪካናቸውን አውርደው ያረፍ ይላሉና «በሉ አንብቡልኝ» ይሉናል። እናነብላቸዋለን። ከተሳሳትን ያርሙናል፤ በዳር «ሰ» ብለን እንጽፋለን።

ቸር ይግጠመን።